ዲቪ ዜግነቱን መለሰ (መሰለኝ)

እሺ... ሰላም ሰላም። ይሰማል? ቀይዋ መብራት በርታለች፣ ይሰማል ማለት ነው። ዛሬ ስለ ቤት ኪራይ ነበር የማወራው፣ ኖት ሁሉ ይዤ ነበር፣ ተውት ለሌላ ጊዜ። ከኋላ ዶሮ ከሰማችሁ ስፖንሰራችን ነው፣ ታውቁታላችሁ።

ስለ ዲቪ ነው። አዎ፣ የአክስቴ ልጅ ዲቪ፣ ዜግነት ያገኘ ቀን ባንዲራ ለብሶ እያለቀሰ ፎቶ የላከልን ዲቪ። እሱ ሰውዬ አሁን የአሜሪካ ዜጋ አይደለሁም እያለ ነው። አልተባረረም፣ ወረቀቱን የነጠቀው የለም፣ በቃ ራሱ ነው አይደለሁም ያለው። «ስቴት ናሽናል» ነኝ ይላል። እንደገባኝ ከሆነ ነገርዬው እንዲህ ነው፣ የፌዴራሉ መንግሥት ካምፓኒ ነው፣ ዜጋ ማለት የካምፓኒው ዕቃ ነው፣ እኔ ግን የምኖርበት ስቴት ሕዝብ ነኝ፣ ይሄንንም አፊዳቪት፣ ማለት የቃለ መሐላ ወረቀት ጽፌ በቀይ ቀለም አሻራዬን አድርጌበት አሳውቄያለሁ ነው የሚለው። በዙም አሴምብሊ አላቸው። የራሳቸውን ዳኛ ይመርጣሉ፣ የራሳቸውን ማርሻል፣ ፖሊስ በሉት፣ ይመርጣሉ፣ ቃለ ጉባኤ ይይዛሉ።

የስሙ ነገር ደግሞ አለ። እዛ መንጃ ፈቃድ ላይ ስም ሙሉውን በትልልቁ ፊደል ነው የሚጻፈው፣ እና ያ ስም እኔ አይደለሁም፣ መንግሥት በኔ ስም የፈጠረው ሌላ ሰው ነው ይላል። ታዲያ እኛስ አልኩት፣ የኛ ፊደል ትልቅና ትንሽ የለው፣ መታወቂያዬ ላይ ያለሁት እኔ ነኝ ወይስ ያኛው? ዝም አለ። በኋላ ኔትወርክ ነው አለ።

እስቃለሁ እንጂ ደህና አይደለሁም። የእሁዱን ነገር ላውራላችሁ።

እሁድ እትዬ ጋ፣ የዲቪ እናት ጋ ነኝ፣ ቶናው ቀርቧል፣ ዲቪ በኔ ስልክ በቪዲዮ ደወለ። ስልኩን የስኳር ጣሳው ላይ አስደግፌ ስፒከር ላይ አደረግኩት። እንዴት ነህ፣ በላህ ወይ፣ ብርዱስ፣ የተለመደው። ከዛ በመሃል «እማዬ፣ እኔ እኮ የአሜሪካ ዜግነቱን ትቼዋለሁ» አላት። በቃ እንዲሁ። እትዬ ሊቀዱ ያነሱትን ጀበና መልሰው ምድጃው ላይ አስቀመጡት። «ምን አልክ?» አሉት። «ትቼዋለሁ፣ ከእንግዲህ ዜጋቸው አይደለሁም።»

እና እትዬ ተነሱ። በዛ ጉልበታቸው። ነጠላቸውን ሳብ አድርገው እልልልል አሉት! ግቢው በሙሉ የሚሰማ እልልታ፣ ጎረቤት በአጥር ብቅ ብላ ምን ተገኘ ትላለች፣ «ልጄ ሊመጣልኝ ነው! የሰው አገር ወረቀት ጥሎ ሊመጣ ነው!»። ግንባራቸው መሬት እስኪነካ ሰገዱ። ስልኩ ውስጥ ዲቪ አለ፣ አፉ ተከፍቷል። «አይ እማዬ፣ እንደሱ ሳይሆን...» ይላል፣ ማን ይሰማዋል። ከዛ እኔን አየኝ። በስክሪን ሰው አያይም እንዳትሉኝ፣ አየኝ። አስረዳት እንጂ ነው የሚለው ዓይኑ። እኔ ምን ብዬ ነው የማስረዳው? ልጅዎ ዜግነቱን ትቷል ግን እዛው ነው? ትቷል ግን አልተወም? በዚህ መሃል ጀበናው ገነፈለ፣ ከሰሉ ላይ ፈሰሰ፣ አመዱ ቦነነ፣ እኔም ቡናው! ቡናው! አልኩ፣ ሁላችንም ወደ ቡናው ዞርን። ስንመለስ ስልኩ ተዘግቷል።

እስካሁን ያቺን ደቂቃ እየመለስኩ አያታለሁ። እልልታው ሌላ፣ የሱ ፊት ሌላ። ደስታቸው ውሸት አልነበረም እኮ። እሱም አልዋሸም።

ማታ እንቅልፍ እምቢ ሲለኝ ሳነብ አደርኩ። በአሜሪካ ሕግ ዜግነት መመለስ የፈለገ ሰው ከአገር ወጥቶ ቆንስላ ፊት ቀርቦ ነው ቃል የሚገባው። እዛው ሳሎን ቁጭ ብለህ ወረቀት ላይ አሻራ ስላደረግክ የሚሆን ነገር የለም፣ ፍርድ ቤቶቻቸውም ይሄን ክርክር በየጊዜው ውድቅ ነው የሚያደርጉት። ስለዚህ እዛ አሁንም አሜሪካዊ ነው። በኛ ደግሞ ጥምር ዜግነት የለም፣ አዋጅ 378/1996 አለ፣ የሌላ አገር ዜግነት በፈቃድህ ስትወስድ የኛው ያልቃል። በነሱ ሕግ የነሱ ነው፣ በኛ ሕግ የኛ አይደለም፣ በራሱ ቃል ደግሞ ሦስተኛ ነገር ነው። እትዬ ጋ ደግሞ አራተኛ፣ መንገድ ላይ ያለ ልጅ።

እና ደወልኩለት። ተቆጥቼ ነበር የደወልኩት። እሱ ግን ምን አለኝ፣ «አንተ የሱሉልታ ሰው ነህ የሸገር?» አለኝ። ሱሉልታ፣ ቡራዩ፣ ሰበታ፣ ለገጣፎ ምናምን ተጠቃለው ሸገር ከተማ የሆኑት በ2015 ነው፣ ያውቃል፣ ያኔ በዚሁ ፖድካስት ቀልጄበታለሁ፣ እኔ ሶፋዬን ከቦታው አላነቃነቅኩም ከተማዬ ግን ተቀየረ ብዬ። «ጠየቁህ?» አለኝ። ማን? «ማንም። የምትኖርበት ቦታ ምን እንደሚባል፣ አንተ የማን ነዋሪ እንደሆንክ፣ ጠይቆህ ያውቃል ሰው?» ሳቅኩ። እሱ አልሳቀም።

አሪፍ መልስ ነበረኝ ለነገሩ፣ በኋላ ነው የመጣልኝ። እኛ አገር እኮ ይሄ ነገር ሕገ መንግሥት ላይ ነው ያለው። አንቀጽ 39 አለ፣ እስከ መገንጠል፣ አንቀጽ 47 ደግሞ የራስን ክልል ስለማቋቋም። ግን ሂደት አለው፣ የብሔረሰቡ ምክር ቤት በሁለት ሦስተኛ ይወስናል፣ ጥያቄው በጽሑፍ ይቀርባል፣ በአንድ ዓመት ውስጥ ሕዝበ ውሳኔ ይደራጃል። ሲዳማን አስታውሱ። ዓመቱ ሲያልቅ ሕዝበ ውሳኔው አልተደረገም፣ ከዛ በ11/11/11 ራሳችን እናውጃለን ተባለ፣ ሐምሌ 11 ቀን 2011 ማለት ነው፣ እና ሰው ሞተ። በኋላ ኅዳር 10 ቀን 2012 ድምፅ ተሰጠ፣ 98.5 በመቶ ክልል ይሁን አለ፣ ክልልም ሆነ። ያኔ ዲቪ ፌስቡክ ላይ ምን ይጽፍ እንደነበር ታስታውሳላችሁ? ሕግ ይከበር፣ ማንም ተነስቶ እኔ ይሄ ነኝ ማለት አይችልም፣ ረጃጅም ፖስት። ስክሪንሹት አለኝ። ልልክለት ነበር፣ ተውኩት። አላውቅም ለምን እንደተውኩት።

አሴምብሊ ካላችሁ ደግሞ እኛ እድር አለን። ዳኛ አለው፣ ጸሐፊ አለው፣ ገንዘብ ያዥ አለው፣ ቀብር የቀረ ይቀጣል፣ መተዳደሪያ ደንቡን የሰፈሩ ሰው ከመንግሥት ሕግ በላይ ነው የሚፈራው። ራሱን በራሱ ያስተዳድራል፣ ግን ነፃ ነን ብሎ አውጆ አያውቅም፣ ማወጅም አላስፈለገው፣ ድንኳንና ወንበር ነው ያለው፣ ብረት ድስት። ዲቪ አንድ ነገር ቢሆን፣ አያድርገውና፣ ያ ዙም ድንኳን ይተክላል? ... እሺ ይሄ አሪፍ አይደለም። ይሄን ኤዲት ላይ አወጣዋለሁ። አላወጣውም።

ምክንያቱም ደግሞ ዲቪ የነገረኝ ሌላ ነገር አለ። ለምን ገባህበት ስለው ስለ ካምፓኒ ምናምን አላወራም። «ስሜን ጠርተው አንተስ ምን ይመስልሃል አሉኝ» አለኝ። ዲቪ የሌሊት ሺፍት ነው የሚሠራው፣ መጋዘን ውስጥ፣ ቀን ይተኛል። ምን ይመስልሃል ያለው ሰው የለም እዛ። አሁን ይሄን ሰው ምን ልትለው ነው? ሞኝ ነህ? ሻሸመኔ ያሉትን ራስታዎች አስቡ፣ ኢትዮጵያውያን ነን ብለው ንጉሡ ወደ ሰጡት መሬት መጡ፣ ከዛ ስንት አሥርት ዓመት ያለ ወረቀት ኖሩ፣ መንግሥት መታወቂያ እንሰጣችኋለን ያላቸው በ2009 ነው። ልጅ ወልደው ልጅ ድረው። እነሱን ሞኝ ብለን አናውቅም። ወይም እንላለን ግን ቀስ ብለን። እነሱ ገቡ፣ እሱ ወጣ፣ አንድ ነው ወይስ... እ... አንድ አይደለም መሰለኝ።

እኔን የሚያስፈራኝ ታርጋው ነው። የራሱን ታርጋ አሠርቶ መኪናው ላይ ለጥፏል። ፎቶ ላከልኝ፣ የስቴቱ ስም፣ ከሥሩ «የግል መንገደኛ» የሚል ነገር። ጥቁር ሰው፣ ሌሊት፣ አሜሪካ፣ ቤት የተሠራ ታርጋ። ፖሊስ ሲያስቆመው አፊዳቪቱን ሊያነብለት ነው? እ.ኤ.አ. በ1996 ሞንታና ውስጥ ፍሪመን የሚባሉ ነበሩ፣ የራሳችን መንግሥት አለን ብለው ከኤፍቢአይ ጋር 81 ቀን ተፋጠዋል፣ በሰላም ነው ያለቀው፣ እስር ቤት ግን ገብተዋል። እነሱ ገበሬዎች ነበሩ፣ ነጮች። ይሄን ስለው «አንተ ፈሪ ነህ» አለኝ። ነኝ።

እና እትዬ። እትዬ ሰርቪሱን እያስለቀቁ ነው። ተከራይዋ፣ የውሃ ፋብሪካ የምትሠራው ልጅ፣ ወሩ ሲያልቅ ትወጣለች ተብሏል፣ ልጄ ሲመጣ የት ይተኛል ብለው። ልጅቷ በር ላይ ያዘችኝ፣ «የምር ሊመጣ ነው? ቤት ልፈልግ?» አለችኝ፣ እኔ እንጃ ጠይቂያቸው አልኩ። ዲቪን እናትህ ቤት እያስለቀቁ ነው ስለው ደግሞ ምን ይላል፣ «እኔ እኮ አልመጣም አላልኩም።» አልመጣም አላልኩም! ይሄ ምን ማለት ነው አሁን? ሊመጣ ነው? በየትኛው ፓስፖርት?

ትናንት ቀለም ክሬም ይሁን ነጭ ብለው ጠየቁኝ። እኔ ምን አገባኝ፣ ክሬም አልኩ መሰለኝ። ቀለም ቀቢው ነገ ነው የሚመጣው... ይሄን ክፍል ልልቀቀው አልልቀቀው አላውቅም፣ ዲቪ ሁሉንም ይሰማል፣ ሥራ ላይ ነው የሚሰማው። ዲቪ፣ ከሰማኸው ለኔ አትደውል፣ እትዬ ጋ ደውል፣ ቀን ደውል፣ ልጅቷ እንኳን ዕቃዋን ሳታወጣ፣ ወይም ደግሞ ከመጣህ...