ዳን ፓች፦ ተፎካካሪ ያጣው ዮርጋ ፈረስ
(በሚኒሶታ ለሚኖሩ ኢትዮጵያውያን የተደረገ ንግግር)

የተከበራችሁ አባቶችና እናቶች፣ ወንድሞችና እህቶች፣ እንደምን አመሻችሁ!

ስቴት ፌር፣ ማለትም የሚኒሶታ ዓመታዊ ትርኢት፣ ሄዳችሁ የምታውቁ ሁሉ ዳን ፓች ጎዳናን ረግጣችኋል። በተመልካች መቀመጫው በግራንድስታንዱ በኩል የሚያልፈው ትልቁ መንገድ ነው። ስሙን ያነበበ ሰው የድሮ ከንቲባ ወይም ሴናተር ቢመስለው አይፈረድበትም። ዳን ፓች ግን ፈረስ ነው። እኛ አፄ ምኒልክን አባ ዳኘው፣ አፄ ቴዎድሮስን አባ ታጠቅ እያልን በፈረስ ስማቸው የምንጠራ ሰዎች ነን። ስለዚህ ለአንድ ፈረስ ታሪክ ጊዜ ብትሰጡኝ አላፍርም።

ዳን ፓች የተወለደው እ.ኤ.አ. ኤፕሪል 29 ቀን 1896 ነው። ከአድዋ ድል ሁለት ወር እንኳ አልሞላም ነበር። ቦታው ኢንዲያና ውስጥ ኦክስፎርድ የምትባል ትንሽ ከተማ ናት። ዳንኤል ሜስነር የተባለ የከተማዋ ነጋዴ ዘሊካ የምትባል ባዝራ በጨረታ በ255 ዶላር ገዛ። ከዚያም ጆ ፓቼን ከተባለ ስመ ጥር ድንጉላ ጋር አዳቀላት። የተወለደው ውርንጭላ ግን እግሩ ጠማማ ሆነ። መቆም እንኳ አቃተው። ይገደል ያሉም ነበሩ። ሜስነር እምቢ አለ።

ሲያድግም የኋላ ግራ እግሩ ወደ ውጭ እየሄደ የጋሪውን ጎማ ይመታ ነበር። መፍትሔው ሰፋ ያለ ጋሪ ሆነ። እስከ አራት ዓመቱ ድረስም ውድድር አላስገቡትም። እኔ ይሄ ትዕግሥት በጣም ይገርመኛል። ብዙ ጥሩ ፈረስ ገና አጥንቱ ሳይጠና ተጣድፈው ያበላሹታል።

ስለ ውድድሩ ትንሽ ላብራራ። ጋላቢው ኮርቻ ላይ አይወጣም። ባለ ሁለት ጎማ ቀላል ጋሪ ላይ ተቀምጦ ነው የሚነዳው። ሽምጥ መጋለብ ክልክል ነው። አንዳንዱ ፈረስ በሶምሶማ ይወዳደራል፣ ሌላው በዮርጋ። ዳን ፓች ዮርጋ ነበር፤ የአንድ ጎን እግሮቹን አንድ ላይ እያነሳ ይሄዳል። ርቀቱ አንድ ማይል ነው። ያኔ አንድ ውድድር ብዙ ዙር ነበረው። ፈረሱ በዚያው ቀን ደጋግሞ ይሮጣል ማለት ነው።

እ.ኤ.አ. በ1900 ጀመረ። በውድድር ዘመኑ ሁሉ የተሸነፈው በሁለት ዙር ብቻ ነው። አንድም ሙሉ ውድድር አልተሸነፈም። በ1902 መጀመሪያ ላይ የሜስነር ሌላ ፈረስ ተመርዛ ሞተች። ሰውዬው ፈራ፤ ዳን ፓችን በ20,000 ዶላር ሸጠው። በዚያው ዓመት መጨረሻ ማሪየን ሳቬጅ የተባለ የሚኒያፖሊስ የከብት መኖ ነጋዴ በ60,000 ዶላር ገዛው። በዚያን ጊዜ ገንዘብ ይህ ለማመን የሚያስቸግር ዋጋ ነበር።

ከዚያ በኋላ ተፎካካሪ ጠፋ። ማንም ባለፈረስ ከእሱ ጎን መሰለፍ አልፈለገም። ስለዚህ ዳን ፓች ከሰዓት ጋር መወዳደር ጀመረ። በየከተማው እየዞረ፣ አሯሯጭ ፈረሶች እየቀደሙለት፣ ሪከርድ ለመስበር ይሮጥ ነበር። በ1903 ሜምፊስ ላይ 1 ደቂቃ ከ56 ሰከንድ ከሩብ ገባ። በ1904 ካንሳስ ውስጥ ታሞ ሞት አፋፍ ደረሰ። በዚያው መኸር ድኖ ሜምፊስ ላይ በ1 ደቂቃ ከ56 ገባ። በ1905 ደግሞ ሌክሲንግተን ላይ 1 ደቂቃ ከ55 ከሩብ።

ሴፕቴምበር 8 ቀን 1906 ነው እንግዲህ ስቴት ፌር ላይ የመጣው። 93,000 ሰው እንደተገኘ ተዘግቧል። ሃሪ ኸርሲ እየነዳው በ1 ደቂቃ ከ55 ሰከንድ ጨረሰ። ይህን ሰዓት ግን ደንብ አውጪዎቹ አላጸደቁትም። ከፊት የሚሄደው አሯሯጭ ጋሪ ነፋስና አቧራ የሚከላከል መጋረጃ ነበረው። ኪፕቾጌ በ2019 ቪየና ላይ ማራቶንን ከሁለት ሰዓት በታች ሲሮጥ የሆነውን ታስታውሳላችሁ፤ አሯሯጮች ከብበውት ስለሮጠ ሰዓቱ እንደ ሪከርድ አልጸደቀለትም። ነገሩ ይቀራረባል። እኔ በበኩሌ ደንቡን አልቃወምም። ፈረሱ ግን ያን ማይል በእግሩ ጨርሶታል፤ ማንም አልተሸከመውም። ይፋዊው ሪከርዱ ራሱ እስከ 1938 ድረስ አልተሰበረም።

ሰው ሁሉ ስለ ሰዓቱ ያወራል። እኔን የሚማርከኝ ጠባዩ ነው። ሕዝብ ሲጮህ አይደነብርም፤ ጆሮውን አቁሞ ዙሪያውን ያያል። ሙዚቃ ይወዳል። ፎቶ አንሺ ሲመጣ ቆሞ ይጠብቃል ይባልለት ነበር። ድንጉላ እንደዚህ ሲሆን ብርቅ ነው። የራሱ የባቡር ፉርጎ ነበረው፤ ነጭ ቀለም የተቀባ፣ ምስሉ የተለጠፈበት። በዚያ ከከተማ ከተማ ለዓመታት ተጓዘ። ፈጣን ፈረስ ሁሉ ይህን ኑሮ አይችለውም። መኖ እምቢ ይላል፣ ይከሳል፣ ይታመማል። ዳን ፓችን እስከ 1909 በሩጫ ላይ ያቆየው ይህ እርጋታው ነው ብዬ አምናለሁ።

ሳቬጅም ይህን በደንብ ነገደበት። የዳን ፓች ሲጋራ፣ የዳን ፓች ምድጃ፣ የዳን ፓች መንሸራተቻ፣ መኪና ሳይቀር ነበር። ከሚኒያፖሊስ በስተደቡብ የሠራው የፈረስ ጋጣ ጉልላት ያለው፣ ማሞቂያ የተገጠመለት ነበር። ክረምት ላይ የሚሮጡበት ጣሪያ ያለው መሮጫም ነበረው። በአጠገቡ ያለችው ከተማ ዛሬ ሳቬጅ ትባላለች።

አሁን ወደ ዘሩ ልምጣ። እዚህ ላይ ታሪኩ ያሳዝነኛል።

ዳን ፓች ብዙ ውርንጭሎች ወልዷል። እሱን የሚያህል ግን አንድም አልተገኘም። ዛሬ በአሜሪካ የሚሮጡት ዮርጋ ፈረሶች የአባት ሐረጋቸው የሚቆጠረው ወደ ሌሎች ድንጉላዎች ነው። እሱ ራሱ ግን የመጣው ከታላቅ ሐረግ ነው። አባቱ ጆ ፓቼን የፓቼን ዊልክስ ልጅ ነው፤ እሱ የጆርጅ ዊልክስ፤ ጆርጅ ዊልክስ ደግሞ የሐምብልቶኒያን። ሐምብልቶኒያን በ1849 ኒው ዮርክ ውስጥ የተወለደ ፈረስ ነው። ዊልያም ራይስዳይክ የተባለ ገበሬ ከነእናቱ በ125 ዶላር ገዛው። ለስም የሚበቃ ውድድር አልተወዳደረም። ነገር ግን 1,331 ልጆች ወለደ። ዛሬ በዚህ ስፖርት ያለው የአሜሪካ ፈረስ ከሞላ ጎደል ሁሉ የእሱ ዘር ነው።

አንዱ ሳይሮጥ ዘሩን አበዛ፤ ሌላው ሁሉን አሸንፎ ዘሩ ተመናመነ። እንዴት? ፍጥነት ከአባት ብቻ አይወረስም። ግማሹ የባዝራዋ ነው። ምርጥ ባዝራዎች ያኔ በብዛት የነበሩት ኬንታኪ ነው እንጂ ሚኒሶታ አልነበረም። ዳን ፓች ደግሞ ጉልምስናውን በባቡር ላይ ነው ያሳለፈው። ሳቬጅ ፈረሱን ኬንታኪ ልኮ ለዘር ብቻ ቢያስቀምጠው ኖሮ ውጤቱ ሌላ ይሆን ነበር ብዬ አስባለሁ። እርግጥ 93,000 ሰው ስቴት ፌር ላይ አያየውም ነበር።

ዳን ፓች ጁላይ 11 ቀን 1916 ሞተ። ሳቬጅ በማግስቱ ተከተለው።

ታሪኩን ለልጆቻችሁ ማሳየት ከፈለጋችሁ ሩቅ አይደለም። ሳቬጅ ከተማ በየዓመቱ ጁን ላይ የዳን ፓች ቀናትን ታከብራለች። ኢንዲያና የሚያልፍ ደግሞ ኦክስፎርድ ላይ የሜስነርን ጎተራ ያገኛል፤ ጣሪያው ላይ የፈረሱ ስምና ያ ያልጸደቀው 1:55 ተጽፎበታል። ስለ ዘር አመራረጡ ወይም ስለ ጋሪው ጥያቄ ያላችሁ አሁን መጠየቅ ትችላላችሁ። አመሰግናለሁ።