የአና ማኛኒ ሩጫ

ሰላማዊት፦ እ.ኤ.አ. በ1908 ሮም የተወለደችው አና ማኛኒ አባቷን ሳታውቅ፣ እናቷም ወደ እስክንድርያ ስለሄደች፣ በአያቷ እጅ ያደገች ተዋናይት ናት። ዮናስ፣ ስለ እርሷ ስናነሳ መጀመሪያ ወደ ልብህ የሚመጣው ምንድን ነው?

ዮናስ፦ ሩጫዋ ነው። በ1945 በወጣው የሮቤርቶ ሮሴሊኒ ፊልም «ሮም፣ ክፍት ከተማ» ውስጥ ፒና የተባለችውን ሴት ስትጫወት፣ ሮምን የያዙት ጀርመኖች እጮኛዋን በጭነት መኪና ጭነው ሲወስዱት ስሙን እየጠራች ከኋላ ትሮጣለች፤ በጥይትም ተመትታ መንገዱ ላይ ትወድቃለች። ፊልሙ ገና ግማሽ ላይ ሳለ እርሷን ማጣታችን እስከ ዛሬ ያስደነግጠኛል።

ሰላማዊት፦ መነሻው እኮ በእውን የሆነ ነገር ነው። በማርች 1944 ቴሬዛ ጉላቼ የተባለች ነፍሰ ጡር እናት የታሰረ ባሏን ለማየት ስትሞክር እዚያው ሮም ውስጥ በጀርመን ወታደር ተገድላለች። ቀረጻው የተጀመረው ከተማዋ ነፃ በወጣች በሰባት ወር ገደማ ስለነበር ሐዘኑ አልደረቀም ነበር።

ዮናስ፦ ማኛኒ ከዚያ በፊት ከጣሊያናዊው ኮሜዲያን ቶቶ ጋር በሙዚቃና በቀልድ መድረክ ትሠራ ነበር። ድምጿ ያልተሞረደ የሮም ሰፈር ድምፅ ሆኖ የቀረው፣ በእኔ እምነት፣ ከተመልካች ፊት ለፊት ስለሠለጠነች ነው።

ሰላማዊት፦ እኔ ግን ከሁሉም አስበልጬ የምወደው በ1951 የወጣውን የሉኪኖ ቪስኮንቲን «ቤሊሲማ» ነው። ልጇን የፊልም ተዋናይ ለማድረግ ያጠራቀመችውን ገንዘብ ሁሉ የምታፈስ፣ ማኛኒ የተጫወተቻት እናት፣ በመጨረሻ የሥራ ውሉ ቤቷ ድረስ ሲመጣላት አልፈርምም ትላለች። የማኛኒ የራሷ አንድያ ልጅ ሉካ ገና ሕፃን ሳለ በፖሊዮ መታመሙን ሳስብ፣ በዚያ ፊት ላይ የማየው የእናት ጭንቀት ይበልጥ ይከብደኛል።

ዮናስ፦ አሜሪካዊው ጸሐፌ ተውኔት ቴነሲ ዊልያምስም «የጽጌረዳው ንቅሳት» የተባለውን ተውኔት የጻፈው እርሷን እያሰበ ነበር። እንግሊዝኛዋ ስላልጠነከረ በብሮድዌይ መድረክ ለመጫወት አልፈቀደችም፤ በ1955ቱ ፊልም ግን ተጫውታ በቀጣዩ ዓመት ኦስካር አገኘች። በምርጥ መሪ ተዋናይት ዘርፍ የመጀመሪያዋ ጣሊያናዊት ስትሆን፣ ሽልማቱ ሲሰጥ እርሷ አዳራሹ ውስጥ አልነበረችም።

ሰላማዊት፦ ለመጨረሻ ጊዜ በፊልም የታየችውም ከመሞቷ አንድ ዓመት በፊት፣ በ1972፣ በፌዴሪኮ ፌሊኒ «ሮማ» ውስጥ ነው። ዳይሬክተሩ በሌሊት ቤቷ በር ላይ ሊያነጋግራት ሲሞክር፣ እንደማታምነው ነግራው፣ ሄዶ እንዲተኛ አዝዛው፣ ደኅና እደር ብላ በሩን ትዘጋለች።