ቤተ ሙከራውን ማን ያየዋል?

ለኮሌጅ ኬሚስትሪ መምህራንና አስተዳዳሪዎች የተዘጋጀ ንግግር

የተከበራችሁ ዲኖችና የዲፓርትመንት ኃላፊዎች፣ ውድ መምህራን፣ በተለይም እናንተ የላብ ቴክኒሻኖች፤

ስለ ቤተ ሙከራ ደኅንነት ሲነሳ ወሬው ቶሎ ብሎ ወደ መነጽር፣ ጓንትና ጋውን ይሄዳል። አስፈላጊነታቸው አያከራክርም። እኔ ዛሬ የማነሳው ግን በጀት ሲጠብ ቀድሞ የሚቀነሰውን፣ ክፍሉ ውስጥ ቆሞ የሚያየውን ሰው ነው።

ሁላችሁም የምታውቁትን ሥራ ልውሰድ። ተማሪዎች ሴፓራቶሪ ፈነል (የማይቀላቀሉ ፈሳሾችን የሚለይ የመስታወት ዕቃ) ውስጥ ያለ የኤተር መፍትሔ በሶዲየም ባይካርቦኔት ያጥባሉ። አሲድ ካለበት ካርቦን ዳይኦክሳይድ ይወጣል፤ ኤተሩም በእጅ ሙቀት ብቻ ይተናል። ተማሪው ፈነሉን ገልብጦ ቶሎ ቶሎ ጋዙን ካላስወጣ ግፊቱ ክዳኑን ያስፈነጥረዋል። ቢያስወጣም የፈነሉ ጫፍ ወዴት እንደዞረ የሚያይለት ሰው ያሻዋል፤ ትከሻ ለትከሻ በተቆመበት ጠረጴዛ ጫፉ የሚያገኘው የጎረቤትን ፊት ነው። ይህን ለማረም ያለው ጊዜ ጥቂት ሰከንድ ነው። 20 ተማሪ ባለበት ክፍል ንቁ መምህር «ቆይ፣ ጋዝ ስቦ ወደሚያስወጣው ፊዩም ሁድ አዙረው!» ለማለት ይደርሳል። 40 ባሉበት ግን ያው መምህር ጀርባውን ሰጥቶ የሌላ ተማሪ ሚዛን እያስተካከለ ነው።

የአሜሪካ ኬሚካል ሶሳይቲ ለመጀመሪያ ዲግሪ ፕሮግራሞች ባወጣው መመሪያ አንድ የላብ አስተማሪ ከ25 በላይ ተማሪ እንዳይዝ ይላል፤ ብዙ ሙከራዎች ከዚያም ያነሰ ቁጥር እንደሚፈልጉ ጨምሮ። ጣሪያ ተብሎ የተቀመጠውን ቁጥር ብዙ ኮሌጅ ወለል አድርጎታል። በነገራችን ላይ፣ ማዘጋጃ ክፍል ውስጥ ኬሚካል የሚመዝነውን ቴክኒሻን «ሁለተኛ ተቆጣጣሪ» ብሎ ሪፖርት ላይ መጻፍ የተለመደ ነው። ግድግዳ ዘልቆ የሚያይ ዓይን ካለው ይሁን።

አሁን አንዲት ተማሪ ዓይኗ ውስጥ አሲድ ገባ እንበል። ዓይን ማጠቢያው በ10 ሰከንድ ውስጥ የሚደረስበት ቦታ መሆን አለበት፤ እጥበቱ ደግሞ 15 ደቂቃ ሳይቋረጥ ይቀጥላል። ሕመሙ ዓይኗን ስለሚያስጨፍናት ሽፋኑን ከፍቶ የሚይዝላት፣ የሚያረጋጋት ሰው ያስፈልጋል። ያ ሰው መምህሩ ነው። እንግዲህ ለ15 ደቂቃ የቀሩትን 39 ተማሪዎች ማን ያያል? የቡንሰን ጋዝ ማንደጃው እየነደደ ነው፣ ማሞቂያው እየጋለ ነው፣ ተማሪው ሁሉ አንገቱን ወደ ማጠቢያው አዙሯል። ሁለተኛው አደጋ የሚመጣው እዚህ ላይ ነው። ስለዚህ አንድ ተቆጣጣሪ ብቻውን፣ ክፍሉ ትንሽም ቢሆን፣ በቂ ነው ብዬ አላምንም።

ሰው ማብዛት ብቻውን ግን አይበቃም። እ.ኤ.አ. በ2010 በቴክሳስ ቴክ ዩኒቨርሲቲ የምርምር ቤተ ሙከራ ውስጥ ፍንዳታ ደርሶ አንድ የድኅረ ምረቃ ተማሪ ሦስት ጣቶቹን አጥቷል። ኃላፊዎቹ የሚፈነዳው ውህድ ከ100 ሚሊግራም በላይ እንዳይሠራ ተነጋግረናል ብለው ያምኑ ነበር፤ የተሠራው ግን ወደ 10 ግራም ገደማ ነው። ገደቡ በቃል ብቻ የተነገረ ስለነበር የሚሠሩት ሰዎች ዘንድ በቅጡ አልደረሰም። የእኛ ማስተማሪያ ላብ ሌላ ዓይነት ቢሆንም ችግሩ እንግዳ አይደለም፤ ባለፈው ሳምንት የተመደበ ረዳት ሙከራውን ራሱ ሠርቶት ሳያውቅ ማኑዋል ይዞ ይገባል። ከተማሪዎቹ አንድ ሳምንት ቀድሞ በገዛ እጁ ይሥራው፤ ገደቡም በጽሑፍ ይሰጠው።

መምህር መቅጠር በአንድ ጀንበር እንደማይሆን አውቃለሁ። እስከዚያው ሴክሽኑን ለሁለት መክፈል ይቻላል፤ ግማሹ ሲሠራ ግማሹ በሌላ ክፍል ስሌቱን ይሥራ። የኬሚካሉን መጠን መቀነስ፣ ኤተሩንም ጉዳቱ በሚያንስ ሟሟ መተካት ይቻላል። አምስት ተማሪ በአንድ ፈነል ዙሪያ መደርደርን ግን እንደ መፍትሔ አልቆጥረውም፤ አንዱ ይሠራል፣ አራቱ ቦርሳቸውን አንግተው መውጫውን ይዘጋሉ።

ዲኖቻችንን የምጠይቀው ሁለት ነገር ነው። ከተመደቡት ተቆጣጣሪዎች አንዱ ሲቀር የዕለቱን ላብ የመሰረዝ ሥልጣን በቦታው ላለው መምህር ወይም ቴክኒሻን በጽሑፍ ይሰጥ፤ ስለሰረዘም የማስጠንቀቂያ ደብዳቤ አይጻፍበት። የሚቀጥለው ሴሚስተር ድልድል ከመጽደቁ በፊትም ቴክኒሻኖቹ አይተው ይፈርሙበት።

አመሰግናለሁ፤ ጥያቄ ካለ ከቴክኒሻኖቹ እንጀምር።