ለአባባ ተስፋዬ መታሰቢያ፦ ለአንድ ቤት አንድ መጽሐፍ
(በደሴ ለወላጆችና ለመምህራን የተዘጋጀ ንግግር)

የተከበራችሁ እናቶች፣ አባቶች፣ መምህራን፤ እንኳን ደህና መጣችሁ።

አባባ ተስፋዬ ሳህሉ ያረፉት ሐምሌ 24 ቀን 2009 ዓ.ም. ነው። ከ40 ዓመት በላይ በኢትዮጵያ ቴሌቪዥን ለልጆች ተረት ነግረዋል፤ ተረቶቻቸውንም በመጽሐፍ አሳትመዋል። ብዙዎቻችሁ በሳቸው ተረት አድጋችኋል፤ ልጆቻችሁ ግን አያውቋቸውም። በመታሰቢያቸው ዕለት ፎቷቸውን ሰቅለን ጧፍ አብርተን ብንበተን ለልጁ ምኑ ነው? በዕለቱ ተረት ይነገር፤ እያንዳንዱ ቤተሰብም የራሱን መጽሐፍ ሠርቶ ይሂድ።

መጀመሪያ ቦታው። የደሴን ሐምሌ ለናንተ ማን ይነግራችኋል! ኮርኒስ የሌለው አዳራሽ ቆርቆሮው ላይ ዝናብ ሲወርድ ተራኪውን ይውጠዋል፤ ድምፅ ማጉያ ሲጨመርበትማ ጩኸት በጩኸት ነው። ኮርኒስ ያለው ጠባብ ክፍል ይሻላል። ልጆቹ ከ20 ሳይበልጡ ምንጣፍ ላይ በግማሽ ክብ ይቀመጡ፤ ሲበዙ የኋላዎቹ መጎነታተል ይጀምራሉ። ከቀኑ 8 ሰዓት ብትጀምሩ መብራት ቢጠፋም የመስኮቱ ብርሃን ያደርሳችኋል።

ተረቱን አያት ይንገሩት እንጂ ከስልክ አይነበብ። «ተረት ተረት» ሲባል «የላም በረት» ማለት ያልለመደ ልጅ ስለሚኖር አስቀድማችሁ ሁለት ሦስቴ አለማምዷቸው። ለትንንሾቹ ከ7 ደቂቃ አይለፍ። ጅቡ ሲጮህ የሚደነግጥ ሕፃን አይጠፋምና እናቱ አጠገቡ ትሁን።

ከዚያ ወደ መጽሐፉ። ባለ 8 ገጽ ነው፤ ሙጫም ስፌትም አይፈልግም፤ አንድ ኤ4 ወረቀት ይበቃል። ረጅሙን ጠርዝ ከረጅሙ ገጥማችሁ እጠፉና ዘርጉት። አጭሩን ከአጭሩ ገጥማችሁ እጠፉ፣ በዚያው አቅጣጫ አንዴ ድገሙና ዘርጉት፤ 8 እኩል ሳጥኖች ይወጣሉ። አሁን አጭሩን ከአጭሩ ጋር አንዴ ብቻ እጠፉና ከታጠፈው ጠርዝ ጀምራችሁ በመካከለኛው መስመር አንድ ሳጥን ያህል ቁረጡ። ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው፤ ከክፍቱ ጠርዝ የቆረጠ መሃሉ ቀርቶ ሁለቱ ዳር ይሰነጠቅበታል፤ እስከ ጥግ የቆረጠ ደግሞ ሁለት ቁራጭ ይዞ ይቀራል። ስለዚህ መቀሱን ትልቅ ሰው ይያዝ። ወረቀቱን ዘርግታችሁ በረጅሙ እጠፉት፤ ሁለቱን ጫፎች ወደ መሃል ስትገፉ ስንጥቁ ይከፈትና ቅጠሎቹ የመደመር ምልክት ይሠራሉ። ወደ አንድ ጎን አጋድማችሁ ተጫኗቸው።

በሽፋኑ ላይ ልጁ ስሙን ይጻፍ። በቀሩት 7 ገጾች ልጁ ይሳል፣ ይናገር፤ እናት ወይም አባት በየገጹ አንድ ዓረፍተ ነገር ይጻፉለት። «ጅቡ ሻይ ጠጣ» ካለ ሻይ ጠጣ ነው፤ አታርሙት።

«አፌን በዳቦ አብሱ» የሚባለው ተረት ሲያልቅ ነው፤ የኛ ዳቦ ግን መጽሐፉ እስኪያልቅ ይቆይ፤ በቅባት ጣት የተነካ ወረቀት ከለር አይቀበልም። ወረቀት እኛ እናቀርባለን፤ መቀስና ከለር ያላችሁ ይዛችሁ ኑ።