የቆየ ኢሜይል ወደ አዲስ ኮምፒውተር ሲሻገር

ጤና ይስጥልኝ፣ እንደምን ሰነበታችሁ። ዛሬ የማወራው ኮምፒውተር ስንቀይር አሮጌው ላይ ስለሚቀረው ኢሜይል ነው። ፎቶና ሰነድ መገልበጥ ማንም አይረሳም። ኢሜይል ግን ዴስክቶፕ ላይ ስለማይታይ ይዘነጋል። የትምህርት ማስረጃው ስካን፣ የኤምባሲው ምላሽ፣ ውጭ አገር ያለው ወንድም ከዓመታት በፊት የጻፈው ደብዳቤ እዚያ ውስጥ ነው። ለእኔ ይሄ የቤተሰብ መዝገብ ነው፤ ሊጠፋ አይገባም።

መጀመሪያ አካውንታችሁ አይማፕ ይሁን ፖፕ እወቁ፤ ሁለቱ ደብዳቤ ከሰርቨር፣ ማለትም ከኢሜይል አገልግሎት ሰጪው ኮምፒውተር፣ ወደ እናንተ የሚመጣባቸው መንገዶች ናቸው። አይማፕ ከሆነ ደብዳቤው ሰርቨር ላይ ስለሆነ አዲሱ ኮምፒውተር ላይ አካውንቱን ስትከፍቱ ራሱ ይወርዳል። በፖፕ የወረደ ደብዳቤ ግን ብዙ ጊዜ ከሰርቨሩ ተሰርዟል፤ ያለው እናንተው ዲስክ ላይ ብቻ ነው። አይማፕ ብትጠቀሙም «ሎካል ፎልደርስ» ውስጥ ያስገባችሁት ሁሉ ሰርቨር ላይ የለም። ሰው በብዛት የሚሸወደው እዚህ ጋ ነው።

ዊንዶውስ ላይ ተንደርበርድ የሚባለውን የኢሜይል ፕሮግራም የምትጠቀሙ ከሆነ፣ ደብዳቤውን እየመረጡ ኤክስፖርት ከማድረግ ፎልደሩን እንዳለ መውሰድ ይሻላል። ተንደርበርድን ዝጉ፤ ክፍት ሆኖ ከተገለበጠ ፋይሉ ሊበላሽ ይችላል። የዊንዶውስን ቁልፍ ከአር ጋር ተጫኑና አፕዳታ የሚለውን ቃል በእንግሊዝኛ ፊደል በሁለት የፐርሰንት ምልክቶች መካከል ጻፉ (%appdata%)። በሚከፈተው ቦታ «ተንደርበርድ» የሚባል ፎልደር አለ። ደብዳቤው፣ የአድራሻ ደብተሩ፣ ማጣሪያዎቹ፣ ፊርማው፣ የተቀመጡት ፓስወርዶች ሁሉም እዚያ ናቸው። አዲሱ ላይ ተንደርበርድን ጭናችሁ አንዴ ክፈቱት፣ ዝጉት፣ ከዚያ የራሱን ፎልደር በአሮጌው ተኩ። የተጠቃሚ ስማችሁ ቢለያይም ችግር የለውም። አዲሱ ላይ የምትጭኑት ቨርዥን ግን ከአሮጌው እኩል ወይም የበለጠ መሆን አለበት፤ አሮጌ ቨርዥን የአዲሱን ፕሮፋይል፣ ማለትም ደብዳቤውና ቅንብሩ ያለበትን ፎልደር፣ አልከፍትም ይላል።

ባዶ ሆኖ ከተከፈተ አትደንግጡ። ምናልባት ሌላ ፕሮፋይል ፈጥሮ ይሆናል። «ሄልፕ» ውስጥ «ትራብልሹቲንግ ኢንፎርሜሽን» ግቡና የፕሮፋይሎቹን ዝርዝር ከፍታችሁ የድሮውን ምረጡ።

ፎልደሩን የምትወስዱበት ፍላሽም ያስቸግራል። ተንደርበርድ አንድን የደብዳቤ ፎልደር በአንድ ትልቅ ፋይል ነው የሚያስቀምጠው፤ የዓመታት ኢንቦክስ አንድ ፋይል ሊሆን ይችላል። ፋት 32 በሚባለው የድሮ የፋይል አቀማመጥ የተፎረመተ ፍላሽ ደግሞ ከ4 ጊጋባይት በላይ የሆነ ፋይል አይቀበልም። ፍላሹ 64 ጊጋባይት ባዶ ቦታ እያለው «ፋይሉ ትልቅ ነው» ቢላችሁ ምክንያቱ ይሄ ነው። በኤክስፋት ወይም በኤንቲኤፍኤስ ፎርማት አድርጉት፤ ፎርማት ውስጡ ያለውን ስለሚያጠፋ ቀድማችሁ አውጡት።

አውትሉክ በሚባለው የማይክሮሶፍት የኢሜይል ፕሮግራም ላይ ደብዳቤው የተቀመጠበት ፒኤስቲ የሚባለው ፋይል ይወሰዳል፤ ኦኤስቲ ግን የሰርቨሩ ቅጂ ብቻ ስለሆነ ሌላ ኮምፒውተር ላይ አይከፈትም። ፊርማዎቹ ለብቻቸው በአፕዳታ ሥር፣ ማይክሮሶፍት ውስጥ፣ «ሲግኔቸርስ» በሚል ፎልደር ነው ያሉት። ፒኤስቲውን ወስዶ እነሱን የሚረሳው ብዙ ነው።

አሁን በተለይ እኛን የሚመለከት ነገር አለ። የግዕዝ ፊደል ዩኒኮድ ውስጥ፣ ማለትም ኮምፒውተሮች ሁሉ በጋራ በሚጠቀሙበት የፊደል ኮድ ውስጥ፣ የገባው በ1999 እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ነው። ከዚያ በኋላም ለዓመታት ብዙ መሥሪያ ቤት የሚጽፈው በድሮዎቹ የቪዥዋል ግዕዝና የፓወር ግዕዝ ፎንቶች ነበር። እነዚያ ፎንቶች የአማርኛውን ቅርጽ በላቲን ፊደል ኮድ ላይ የጫኑ ናቸው። አዲሱ ኮምፒውተር ላይ ፎንቱ ከሌለ አባሪ ሆኖ የመጣው የአማርኛ ሰነድ የላቲን ፊደልና ምልክት ዝብርቅርቅ ሆኖ ይታያል። ፋይሉ ተበላሸ ብላችሁ አታጥፉት! ከአሮጌው ኮምፒውተር፣ ዊንዶውስ ውስጥ ካለው «ፎንትስ» ፎልደር፣ ፎንቶቹን ገልብጣችሁ አዲሱ ላይ ጫኑ። ጊዜ ስታገኙ ዋና ዋናዎቹን ሰነዶች ወደ ዩኒኮድ ቀይሯቸው፤ ካልተቀየሩ በአማርኛ ቃል ፈልጋችሁ አታገኟቸውም።

ጂሜይልን የመሰለ አካውንት አዲሱ ኮምፒውተር ላይ ሲከፈት ማረጋገጫ ኮድ ወደ ስልክ ሊልክ ይችላል። አገር ለቃችሁ ሲም ካርድ ከቀየራችሁ ኮዱ የሚሄደው ወደ ድሮው ቁጥር ነው። አሮጌው ኮምፒውተር አካውንቱን ገና እየከፈተ ሳለ ቁጥሩን አስተካክሉ።

ካሻገራችሁ በኋላ ፖፕ ተጠቃሚዎች አሮጌው ላይ ኢሜይል በራሱ እንዳያወርድ አድርጉ፤ አለዚያ አዲስ ደብዳቤ ግማሹ እዚህ ግማሹ እዚያ ይወርዳል። አይማፕ ላይ ደግሞ አሮጌውን ለሰው ልትሰጡ ስታጸዱ ደብዳቤ አንድ በአንድ አትሰርዙ፤ የሰረዛችሁት ከሰርቨሩም ከአዲሱም ይጠፋል። አካውንቱን ራሱን ከፕሮግራሙ አውጡት። ከዚያ በፊት ግን የሁለቱን ኮምፒውተሮች የደብዳቤ ብዛት በየፎልደሩ አስተያዩ፣ ከድሮዎቹም ጥቂቱን ከነአባሪያቸው ከፍታችሁ እዩ።