ሦስት ምሽቶች በካምፕ ኑ

እንደምን ሰነበታችሁ? ዛሬ እንግዳ የለኝም፣ ብቻዬን ነኝ። ሰሞኑን ከሐሳቤ ስላልወጣ አንድ ሰው ላውራችሁ። ስለ ጋሪ ኔቭል።

ብዙዎቻችሁ ዛሬ የምታውቁት በድምፁ ነው፤ በእንግሊዙ ቴሌቪዥን ስካይ ስፖርትስ ላይ ጨዋታ ሲተነትን። እኔ መጀመሪያ ያወቅኩት በቀኝ መስመር ሲመላለስ ነው። ለማንቸስተር ዩናይትድ 602 ጨዋታ ተሰልፎ ያገባው 7 ጎል ነው። ለእንግሊዝ 85 ጊዜ ተጫውቶ አንድም አላገባም። ልጆች ሆነን ኳስ ስንጫወት «እኔ ኔቭል ነኝ» የሚል አልነበረም። ሁሉም ቤካም ነው። በዚያው መስመር ከኔቭል ፊት የሚጫወተው ቤካም ያን ሁሉ ኳስ ተረጋግቶ የሚያሻማው ኋላውን የሚሸፍንለት ሰው ስላለ እንደሆነ የገባኝ በጣም ቆይቶ ነው።

የዚህን ሰው ሕይወት ሳስብ ሦስት ምሽቶች ይመጡብኛል። ሦስቱም በአንድ ስታዲየም፣ በባርሴሎናው ካምፕ ኑ። ቀኖቹን በፈረንጆቹ አቆጣጠር ነው የምጠራላችሁ።

የመጀመሪያው ሜይ 26 ቀን 1999 ነው። የቻምፒየንስ ሊግ ፍጻሜ። ባየር ሙኒክ 1 ለ 0 እየመራ 90 ደቂቃው አልቋል። ዩናይትድ በግራ በኩል የእጅ ውርወራ አገኘ። ኔቭል የቀኝ ተከላካይ ነው፣ ቦታው እዚያ አይደለም። ግን አርቆ መወርወር ይችላል። በዚያ በዛለ እግር የሜዳውን ስፋት አቋርጦ ሮጠና ወረወረ። ብዙም ሳይቆይ የማዕዘን ምት ተገኘ። ቤካም አሻማ፣ ሸሪንግሃም አገባ። ከዚያ ሶልሻየር። 2 ለ 1 አለቀ። ስለ ሁለቱ ጎሎች ስንት ተወርቷል! ስለዚያ ሩጫ ግን ሲወራ ብዙም አልሰማሁም።

በ2011 መጀመሪያ ጫማውን ሰቀለ። 8 የሊግ ዋንጫ ይዞ። ወዲያው ማይክራፎን ያዘ።

ሁለተኛው ምሽት ኤፕሪል 24 ቀን 2012 ነው። ቼልሲ በ10 ሰው ባርሴሎናን ይዞ ቆሟል። ኔቭል ኮሜንታተር ነው። በባከነ ሰዓት የቼልሲው ቶሬስ ኳሷን ይዞ ብቻውን ሄደ፣ በረኛውን አልፎ አገባ። ኔቭል ቃል አልወጣውም። ረጅም፣ እየከረረ የሚሄድ ድምፅ ብቻ። ብዙ ሰው ሳቀበት። እኔ ግን ስሰማው የተከላካይ ድምፅ ነው። ሰው ጎሎ ጎልን መጠበቅ ምን ያህል እንደሚጨንቅ የሚያውቅ ሰው፣ ጭንቀቱ ድንገት ሲለቀው።

ሦስተኛው ይከብደኛል። ዲሴምበር 2015 ላይ የስፔኑ ክለብ የቫሌንሲያ አሰልጣኝ ሆነ። ከዚያ በፊት የእንግሊዝ ረዳት አሰልጣኝ ነበር እንጂ ዋና አሰልጣኝ ሆኖ ክለብ ይዞ አያውቅም። ስፓኒሽም አይችልም። ፌብሯሪ 3 ቀን 2016፣ የንጉሡ ዋንጫ ግማሽ ፍጻሜ፣ ያው ካምፕ ኑ። የባርሴሎናዎቹ ሱዋሬዝ አራት፣ ሜሲ ሦስት አገቡበት። 7 ለ 0።

ያን ማታ አይኔ ከሜዳው ይልቅ እሱ ላይ ነበር። በ1999 ቡድኑ ሲጨንቀው የሮጠው እሱ ራሱ ነው። አሁን ግን ፊት ለፊቱ ነጭ መስመር አለ። ክፍተቱ ይታየዋል፣ ማለፍ አይችልም። መጮህ እንኳ በሰው ቋንቋ ነው። በማርች መጨረሻ ተሰናበተ፤ 28 ጨዋታ፣ 10 ድል።

«ስቱዲዮ ተቀምጦ ማውራት ቀላል ነው» እያሉ ስንቶች ተሳለቁበት። እኔ በዚህ አልስማማም። ማየትና ማስተካከል ሁለት የተለያዩ ሙያዎች ናቸው። ያየውን የሚያስረዳ ሰው ቡድን ማሰልጠን ስላቃተው ያየው ነገር ውሸት አይሆንም። እንዲያውም ወደ ማይክራፎኑ ከተመለሰ በኋላ ነው ይበልጥ የማምነው። ስለተሸነፈ አሰልጣኝ ሲናገር፣ ያ መስመር ጋ ቆሞ ያውቃል።

ባለፈው ሳምንት የ1999ኙን ፍጻሜ ደግሜ ከፈትኩት። ጎሎቹ ጋ ሳልደርስ አቆምኩት። ትንሽ ወደ ኋላ መለስኩና ከቀኝ ወደ ግራ ሲሮጥ አየሁት። እንደገና መለስኩት።