ይህች ሴት እናቱ አይደለችም፦ በ1865 (እ.ኤ.አ.) የተነሳን ፎቶ ማንበብ

[ፎቶው ስክሪኑን ሞልቶ]

እስቲ ይህን ፎቶ ረጋ ብላችሁ እዩት። ሕፃን ልጅ ተኝቷል። ራሷን የተከናነበች ሴት ጎንበስ ብላ ታየዋለች። እናትና ልጅ ናቸው እንላለን። የእኛ አገር ሰውማ ወዲያው ምስለ ፍቁር ወልዳ ነው ትዝ የሚለው።

ሴቷ ግን እናቱ አይደለችም። ሜሪ ሂሊየር ትባላለች፤ የፎቶ አንሺዋ የቤት ሠራተኛ ናት። ልጁ ደግሞ የፎቶ አንሺዋ የልጅ ልጅ ነው።

አንሺዋ ጁሊያ ማርጋሬት ካሜሮን ናት። ፎቶውን «ዲቮሽን» ብላዋለች፤ ፍጹም መሰጠት እንደማለት ነው። የምትኖረው እንግሊዝ፣ አይል ኦፍ ዋይት ደሴት ላይ፣ ፍሬሽዋተር መንደር ነበር። የመጀመሪያ ካሜራዋን ልጇና አማቿ በስጦታ ሲሰጧት 48 ዓመቷ ነው። የከሰል ማስቀመጫውን ፎቶ የሚታጠብበት ጨለማ ክፍል አደረገችው፣ የዶሮ ቤቱን ስቱዲዮ።

[ቅርብ፦ የልጁ ፊት]

ዓይኑ ተጨፍኗል። የዚያ ዘመን ፎቶ ላይ እንዲህ ያለ ሕፃን ሲታይ «ሞቶ ነው ያነሱት» የሚል አይጠፋም። የሞቱ ልጆችን ፎቶ ማንሳት በእርግጥ ነበረ። የተጨፈነ ዓይን ሁሉ ግን የሞት ምልክት አይደለም።

አሠራሩን እንይ። መስታወት ላይ ኮሎዲዮን የሚባል ፈሳሽ ይቀባል፣ ከዚያ ብር ያለበት ውሕድ ውስጥ ይነከራል። ሳይደርቅ ካሜራው ውስጥ ገብቶ፣ ሳይደርቅ መታጠብ አለበት። ካሜሮን ሰዎቿን ከሦስት እስከ ሰባት ደቂቃ ሳይነቃነቁ ታቆያቸው ነበር። የሁለት ዓመት ልጅ ይህን ያህል ዝም ብሎ ሲቀመጥ አይታችኋል? አይሞከርም! እንቅልፍ ጥሩ መላ ነው።

[ቅርብ፦ ጨርቁ]

ጨርቁ ጠቆር ስላለ ሐዘን ላይ ናት ለማለት አትቸኩሉ። ኮሎዲዮን ቀይና ቢጫን ጥቁር አድርጎ ያወጣል፣ ሰማያዊን ደግሞ ነጭ። ከእንዲህ ያለ ፎቶ የልብስ ቀለም መገመት ከባድ ነው።

እኔን ይበልጥ የሚከነክነኝ የሜሪ ነገር ነው። ድንግል ማርያምን ሆና ደጋግማ ከመነሳቷ የተነሳ የመንደሩ ሰው «ሜሪ ማዶና» ይላት ነበር፤ ማዶና ማለት ድንግል ማርያም ናት። ካሜሮን አንደኛው ኅትመት ላይ በእጇ ስትጽፍ ግን የጠቀሰችው የልጅ ልጇን ነው፣ ሁለት ዓመት ከሦስት ወር ሲሆነው። ፎቶውን የተሸከመችው ሠራተኛዋ ሆና ሳለ!

[ፎቶ፦ ልዑል ዓለማየሁ]

ይኸኛውን ብዙዎቻችሁ ታውቁታላችሁ። ያነሳችው ይህችው ካሜሮን ናት፤ በዚያው መንደር፣ በ1868 (እ.ኤ.አ.)። ልዑል ዓለማየሁ ገና ሰባት ዓመቱ ነው። አባቱ ዐፄ ቴዎድሮስ መቅደላ ላይ ሞተዋል። እናቱ እቴጌ ጥሩወርቅም ከእንግሊዝ ጦር ጋር ወደ ባሕር ሲወርዱ በመንገድ ላይ አርፈዋል። አብሮት በፎቶዎቹ ላይ የሚታየው ሰው አሳዳጊው ካፕቴን ስፒዲ ነው።

ፊቱን ስናይ አንጀታችን ይላወሳል፤ የሚገባም ነው። ግን የልጁን ሐዘን የነገረን ታሪኩ ነው። ለደቂቃዎች ፈገግ ብሎ መቆየት አዋቂም አይችልም። ስለዚህ ፊቱ ላይ ካለው ጭምትነት ምን ያህሉ የልጁ፣ ምን ያህሉ የካሜራው እንደሆነ ፎቶው ብቻውን አይለይልንም።